ታሪክ ውስጥ ታሪክ፦ ለልቦለዳችሁ አቃፊ ታሪክ ስትሠሩ

ባለፈው ሳምንት ማታ ቃሊቲ ላይ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ይዤ ነበር። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ከኋላ ያለችው የእህቷን ሠርግ ታወራለች። ሙሽራው መጥቶ፣ ሚዜዎቹ በር ላይ እየዘፈኑ፣ እህቷ ክፍሏን ከውስጥ ቆልፋ አልወጣም ያለችበትን ቀን። ልክ እዚህ ስትደርስ ታክሲ መጣ። «አንድ ሰው የሞላው!» አለ ረዳቱ። ተራው የአድማጯ ነበር። አልገባችም። «ሌላ ሰው ይግባ» አለችና ወደ ሴትየዋ ዞረች። «እሺ፣ ከዚያስ?»

እኔም አልገባሁም። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ሮጦ ገባ።

ያን ማታ የሰማሁት የሠርግ ታሪክ ነው። ቤቴ ገብቼ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ግን ሰልፉን ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላ፣ ቆማ ደክሟት፣ ተራዋን የለቀቀችውን ሴት።

ስለዚህ ነገር ነው ልጽፍላችሁ የፈለግኩት። አንድ ሰው ለሌላ ሰው የሚናገርበት ታሪክ አለ፤ የሚነገረው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው። የውጭውን አቃፊ ታሪክ እለዋለሁ፤ እናት ልጇን እንደምታቅፍ ሌላውን ስለሚያቅፍ። የሚታቀፈውን ውስጠኛው ታሪክ እላለሁ። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅ ሆነን «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን ነው የገባነው፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ነው የወጣነው። ጅቡ አህያዋን ምን እንዳላት ረስተን ይሆናል። ማን እንደነገረን፣ የት እንደተቀመጥን፣ እሳቱ ላይ ምን እንደተጣደ ግን አንረሳም።

እኔ እንደዚህ ያለ ልቦለድ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1. መጀመሪያ ያስፈልጋችኋል ወይ?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አቃፊውን አውጡትና ውስጠኛውን ብቻ አንብቡት። ምንም ካልጎደለ ተዉት።

የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ አንድ ወጣት ከአያቱ ሣጥን ውስጥ አሮጌ ደብተር ያገኛል። ይከፍተዋል፣ ታሪኩ ይጀምራል፣ 200 ገጽ ካለፈ በኋላ ደብተሩን ይዘጋል። አለቀ። አንዲት ጓደኛዬ 40 ገጽ አንብባ «ልጁ ግን የት ሄደ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁን ሳወጣው 6 ገጽ ቀነሰ፣ ታሪኩ ግን ምንም አልሆነም።

አቃፊ ታሪክ የሚያስፈልግባቸው፣ እኔ የማውቃቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንዱ ምስክርነት ነው። ክብረ ነገሥትን ተመልከቱ። ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ሰሎሞን ነው ብለን እናውቀዋለን፤ መጽሐፉ ግን በእነሱ አይጀምርም። በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች ይመጣሉ፤ ዶሚቲዎስ የተባለ ሊቀ ጳጳስ ተነሥቶ በሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ አገኘሁ ይላል። ንግሥቲቱ ገና ጉዞ ሳትጀምር አንባቢው ጉባኤ መሃል ተቀምጧል። «ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አባቶች የሰሙት ነው» ማለት ነው። ክርክር የሚያስነሣ ነገር የምትጽፉ ከሆነ ይህ ትልቅ ጉልበት አለው።

ሌላው ጊዜ መግዛት ነው። የሺህ አንድ ሌሊት ተረቶችን የማያውቅ የለም። ንጉሡ ያገባትን ሴት በነጋታው ያስገድላል፤ ሸህራዛድ ሊነጋ ሲል ታሪኳን መሃል ላይ ታቆማለች። ተረቱ ካለቀ እሷም አለቀች።

ሦስተኛው በቀጥታ የማይነገር ነገር ነው። እጨጌ እንባቆም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1553 ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው በረላምና ይዋስፍ የሚባል መጽሐፍ አለ። ንጉሡ ልጁን ይዋስፍን ሕመምና ሞት እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ዘግቶበታል። መነኩሴው በረላም የከበረ ድንጋይ ነጋዴ መስሎ ይገባል። ከገባ በኋላም የሚያስተምረው በምሳሌ ነው፤ ታሪክ ውስጥ ታሪክ፣ እሱ ውስጥ ሌላ ታሪክ። ፊት ለፊት ቢናገር በሩ አይከፈትለትም ነበር።

የእናንተ ልቦለድ ከእነዚህ በአንዱ ካልተገፋ፣ ወይም የራሱ አራተኛ ምክንያት ከሌለው፣ ቀጥታ ጻፉት። ቀጥታ መጻፍ ምንም ነውር የለውም።

2. ከተናጋሪው በፊት አድማጩን ፈልጉ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የሚበዛው ስህተት እዚህ ነው። ሁላችንም መጀመሪያ የሚመጣልን ተናጋሪው ነው፦ ብዙ ያዩ ሽማግሌ፣ ከስደት የተመለሰች ልጅ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር። ከዚያ ከፊታቸው አንድ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ሰው እናስቀምጣለን። «እሺ»፣ «ከዚያስ»፣ «ወይ ጉድ» ከማለት ሌላ ሥራ የለውም። እንደዚህ ያለ አድማጭ ከወንበር አይሻልም።

አድማጩ ታሪኩን ሲሰማ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው ነገር ይኑረው። ሦስት ጥያቄ ጻፉና ለእያንዳንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። ለምን ለዚህ ሰው ይነገራል? ለምን ዛሬ? ሰምቶ ሲጨርስ ምን ማድረግ ይችላል?

የራሴን ምሳሌ ላድርገው። እኔ የምኖርበት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት መሬት ነበር። ዛሬም ከብሎኮቹ ጀርባ ትንሽ ራመድ ስትሉ ማሳ ታገኛላችሁ። ቀድሞ ገበሬ የነበሩ፣ አሁን በጥበቃነት የሚሠሩ አባቶች አሉ። ልቦለዴ የአንድ እንደዚህ ያሉ ሽማግሌ ታሪክ ነው። ለማን ይንገሩት? መጀመሪያ ለጋዜጠኛ ሰጠሁት፤ አልሆነም። ጋዜጠኛ ሰምቶ ይሄዳል። ለልጅ ልጃቸው ሰጠሁት፤ ቤት ውስጥ ቀረብኝ።

አንድ ቀን ሰነድ ኮፒ ላስደርግ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዱ ገባሁ። «ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፏል። አንድ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ፣ አንዲት እናት ከአጠገቡ ሆነው የሆነባቸውን ይነግሩታል። እሳቸው ለሩብ ሰዓት ያህል ይናገራሉ፤ እሱ አንድ መስመር ይጽፋል። «ጉዳዩ፦ ካሳ እንዲከፈለኝ ስለመጠየቅ ይሆናል።»

አድማጬን አገኘሁት! ማመልከቻ ጸሐፊ። የሰው ሕይወት እየሰማ ወደ አንድ ገጽ የሚያሳጥር ሰው። ሽማግሌው ለምን ለሱ ይናገራሉ? መጻፍ ስለማይችሉ። ለምን ዛሬ? ማመልከቻው አርብ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት መግባት ስላለበት። ሰምቶ ምን ማድረግ ይችላል? ሁሉን ነገር። አንድ ቃል ቢቀይር የሰውየው ዕድል ይቀየራል።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመርኩበት። ጸሐፊው የሚኖረው በጨረቃ ቤት ነው። ቦታውን በመንደር ውል ከአንድ ሰው ገዝቶ፣ በሌሊት ቆርቆሮ መትቶ የሠራው ቤት። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽማግሌው ስለ አንዲት ዋርካና ስለ አንድ የድንጋይ ድንበር ሲያወሩ ይደነግጣል። ያች ዋርካ ከመስኮቱ ትታየዋለች። ማመልከቻው በደንብ ከተጻፈ እሱ ቤቱን ያጣል።

አሁን ሁለቱም ታሪኮች በሕይወት አሉ። ሽማግሌው ስለ 30 ዓመት በፊት እያወሩ አንባቢው የጸሐፊውን ጣቶች ያያል።

3. ቦታና ሰዓት ስጡት

ሰዎች ዝም ብለው ተቀምጠው ረጅም ታሪክ አይነጋገሩም። የሚያስቀምጣቸው ነገር ያስፈልጋል። ከከተማው ዳር ለምንኖር ይህ ሞልቷል፦ የታክሲ ሰልፍ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ እየጠበቁ ጄሪካን ደርድሮ ማደር፣ መብራት የጠፋበት ማታ፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የሌሊት ጥበቃ። ቡናም አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ዝግጁ መዋቅር ነው። ግን ተጠንቀቁ። ቡና ላይ የሚወራ ታሪክ ሁላችንም ጽፈናል፤ ጀበናው ለጌጥ ከሆነ አንባቢው ገና ጭሱ ሲነሣ ያውቅባችኋል።

ሰዓቱ ደግሞ ማለቅ አለበት። አምስት ቀን፣ አንድ ሌሊት፣ ከሰልፉ መጀመሪያ እስከ ታክሲው በር። የኔው ከሰኞ እስከ አርብ ነው፤ አምስት ቀን፣ አምስት ክፍል። መዋቅሩን ያገኘሁት ከዚያ ነው፣ ብዙ አላሰብኩበትም።

4. መግቢያና መውጫ በሮቹን ሥሩ

ከአቃፊው ወደ ውስጠኛው የምትገቡበት፣ ከዚያም የምትመለሱበት ቦታ በር ነው። «ታሪኩም እንዲህ ነው» ብሎ መግባት ይቻላል፤ አንዴ። ሁለተኛ ጊዜ ይሰለቻል።

በእጅ የሚያዝ ነገር ተጠቀሙ። ሽማግሌው በፌስታል ጠቅልለው የሚይዟቸው አሮጌ የመሬት ግብር ደረሰኞች አሏቸው። አንዱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ገባን። ያን ዓመት ዝናቡ እንዴት እንደነበር፣ በሬው እንዴት እንደሞተ እንሰማለን። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲጎትት ይጮሃል፤ ወጣን። ሽታ፣ ድምፅ፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ማንኛውም ነገር ይሆናል፤ ብቻ በሁለቱም ወገን ትርጉም ያለው ይሁን። ደረሰኙ ውስጥ ያለው የገበሬ ኩራት ነው፤ ውጭ ያለው ማስረጃ ነው። ወረቀቱ ያው አንድ ወረቀት ነው።

የት ታቋርጣላችሁ? ሰልፍ ላይ የነበረችው ሴትዮ አስተምራኛለች። በሩ ተቆልፏል፣ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ነው፣ ታክሲው መጣ። ጥያቄው ከተነሣ በኋላ፣ መልሱ ከመምጣቱ በፊት። ነገሩ ካለቀ በኋላ ብታቋርጡ አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል።

5. ድምፆቹን ለዩ

አማርኛ እዚህ ላይ ያስቸግራልም፣ ይረዳልም። የሚያስቸግረው «እኔ» ነው። ጸሐፊው «እኔ» እያለ ቢተርክ፣ ሽማግሌው «እኔ» ቢሉ፣ ሽማግሌው ውስጥ ደግሞ ወንድማቸው «እኔ ሸጥኩት አለኝ» ቢል፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ማን እንደሸጠ አይታወቅም። «ሸጥኩት አለኝ አለኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ አውቃለሁ። መፍትሔ ያደረግኩት አቃፊውን በ«እሱ» መተረክ፣ ውስጠኛውን በ«እኔ» መተው ነው። ሌላ መንገድም ይኖራል፤ ብቻ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙት።

የሚረዳን ደግሞ «አሉ» ነው። «ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ» ያለ ሰው በዓይኑ አይቷል። «ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ አሉ» ካለ ከሌላ ሰምቶ ነው። በአንዲት ቃል ሙሉ የታሪክ ድርብ ታስገባላችሁ። ሽማግሌው አራት ክፍል ሙሉ ስለ ውሉ ሲያወሩ «ፈረመ አሉ» ይላሉ። ሐሙስ ማታ «አሉ» ትወድቃለች። «ፈረመ። አይቻለሁ።» ሌላ ማብራሪያ አልጻፍኩም።

ሌላው «አንተ»ና «እርስዎ» ነው። ሽማግሌው ጸሐፊውን ከሰኞ ጀምሮ «ልጄ፣ ስማኝማ» ይሉታል። እሱ «አባባ፣ እርስዎ» ይላቸዋል። ቤቱ የት እንደሆነ ያወቁ ቀን ሲገቡ «እንደምን ዋሉ፣ አቶ ጸሐፊ» አሉት። ይህን መስመር ስጽፍ እጄ ቆመ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም፣ እርስዎ አሉት፤ ግን ጸሐፊው ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ሊያያቸው አይችልም።

አጻጻፉም ይለያይ። የማመልከቻው ቋንቋ «አመልካች ከላይ በተገለጸው ቦታ ነዋሪ ሲሆኑ» እያለ ይሄዳል፤ የሽማግሌው ንግግር «ዋርካዋ ሥር ነው የተወለድኩት» ይላል። በየቀኑ መጨረሻ ማመልከቻው እስከዚያ የደረሰበትን ሁለት ሦስት መስመር አስገባለሁ። ሰው ያን ሁሉ ተናግሮ ወረቀቱ ላይ የቀረውን ሲያዩ አንባቢዎቼ ይናደዳሉ። መናደዳቸውን እፈልገዋለሁ።

6. ስንት ድርብ?

ሁለት ይበቃል። ሦስተኛ ከጨመራችሁ የሚያነበው ሰው በእያንዳንዱ ገጽ የት እንዳለ እንዲያውቅ አድርጉ። በ1818 ለንደን ላይ የታተመው የሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይን ሦስት ብቻ አይደለም፤ አራት ድርብ አለው። መርከበኛው ዋልተን ለእህቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው ውስጥ ከበረዶ ላይ ያነሣው ቪክቶር ታሪኩን ይናገራል፤ የቪክቶር ታሪክ ውስጥ እሱ ራሱ የሠራው ፍጡር ይናገራል፤ ፍጡሩ ደግሞ ተደብቆ ያያቸውን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ያመጣል። ለምን አይምታታም? እያንዳንዱ ተናጋሪ ከአድማጩ አንድ የሚፈልገው ነገር ስላለው ይመስለኛል። ፍጡሩ ለቪክቶር የሚናገረው ሚስት እንዲሠራለት ነው። ቪክቶር ለዋልተን ሲናገር እያስጠነቀቀው ነው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፍጡሩን እንዲገድልለት ይለምነዋል።

7. አድማጩን ሳትቀይሩ አትዝጉ

ዋልተን መጨረሻ ላይ ምን ያደርጋል? ወደ ሰሜን ዋልታ ሊሄድ የወጣ ሰው ነው፤ እንደ ቪክቶር ለዝና የተቃጠለ። መርከበኞቹ ወደ ቤት መልሰን ሲሉት እያዘነም ቢሆን መርከቡን ያዞራል። ቪክቶር ግን መርከበኞቹን ወደፊት ሂዱ ብሎ ይገስጻቸዋል፤ መርከቡ ሊዞር መሆኑን ሲሰማም እኔ አልመለስም ይላል። የታሪኩን ጥፋት የሰማው ሰው ዞረ፤ የኖረው ሰው አልዞረም። ያን መርከብ ባያዞረው ደብዳቤዎቹ ሁሉ ተራ መግቢያ ይሆኑ ነበር።

ይዋስፍም ያው ነው፤ ሰምቶ ሕይወቱን ይቀይራል። ሰልፍ ላይ የነበረችው ሴትም ተራዋን ትለቃለች። ለውጡ ትልቅ መሆን የለበትም። መታየት ግን አለበት፤ በሚሠራው ነገር እንጂ «ልቡ ተነካ» በሚል ቃል አይደለም። «ልቡ ተነካ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙትና በቦታው እጁ ምን እንዳደረገ ጻፉ።

ደግሞ አቃፊውን መክፈት እንጂ መዝጋት የሚረሳ ብዙ ነው። መዝጋት የግድ ረጅም አይደለም። ግማሽ ገጽ ሊበቃ ይችላል።

8. አቃፊውን ብቻውን አንብቡት

ረቂቁ ሲያልቅ የአቃፊውን ገጾች ብቻ አውጡ። ስልክ ላይ አይሁን፤ አትማችሁ በተራ ደርድሯቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። ያለ ውስጠኛው ታሪክ ራሱን የቻለ አጭር ልቦለድ ይመስላል? መጀመሪያ አለው? የሚከብድ ውሳኔ አለው? «ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቀጠሉ» ዓይነት ገጾች ብቻ ከሆኑ፣ ገና ሁለተኛው እርምጃ ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ ወደዚያ ተመለሱ።

እኔ ባለፈው ቅዳሜ አደረግኩት። 31 ገጽ ሆነ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከብሎኩ ጀርባ ሰው ሽምብራ እየነቀለ፣ አነበብኩት። ሰኞ ደህና ነው። ማክሰኞ ይጎትታል፣ ሁለት ገጽ ይወጣል። ረቡዕ ዋርካዋ አለች። ሐሙስን አልነካውም። አርብ ላይ ግን ጸሐፊው ማመልከቻውን አትሞ በፖስታ አሽጎ ለሽማግሌው ይሰጣል፤ እሳቸውም አመስግነው ይሄዳሉ። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና አላመንኩትም። እኚህ ሰው ከትናንት ጀምሮ አያምኑትም። ማንበብ አይችሉም። ታዲያ የታሸገ ወረቀት እንዴት ዝም ብለው ይቀበላሉ?

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንደገና እጽፈዋለሁ። ፖስታውን ይቅደዱትና ወረቀቱን መልሰው ይስጡት። «አንብብልኝ» ይበሉት፤ ጮክ ብሎ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ።